ኮቱ ካለ ሰውየው አለ

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝና በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ።

ሃያ ሁለት ዓመት ዜና ስጽፍ አንድ ደንብ ነበረኝ። ሁለት ምንጭ የሌለው ወሬ ከእኔ እጅ አይወጣም። ባለሥልጣን ቢቆጣ፣ አለቃ ቢጮህ፣ ማተሚያ ቤቱ ገጽ ቆልፌያለሁ ቢል፣ ይህንን ደንብ አፍርሼ አላውቅም። ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዜና ሳይሆን በሰው ኮት ላይ ነው። ዳፋው የተረፈው ደግሞ ለእኔ አይደለም።

ቢሯችን ጉርድ ሾላ ነው፤ አንድ መስታወታም ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ። ከውጭ ሲያዩት ባንክ ይመስላል። ከውስጥ ግን አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ አሥራ አምስት ወንበርና አንድ የአሻራ ማሽን ነው። ማሽኑ ጠዋት ስንገባና ማታ ስንወጣ ጣታችንን ያያል። በመካከል ያለውን ቀን የሚያይ ግን የለም። በመካከል ያለውን ቀን የሚጠብቅልን ኮት ነው።

የአገራችንን መሥሪያ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም። ኮት ወንበር ላይ ከተሰቀለ ሰውየው አለ ማለት ነው። የት እንዳለ ባይታወቅም አለ። ስብሰባ ላይ ይሆናል፣ ሽንት ቤት ይሆናል፣ ታች ወርዶ ይሆናል፤ ብቻ አለ። ከኮቱ ያነሰ ሥራ የሚሠራ ሰውም አለ። እንዲያውም ጡረታ ወጥቶ ኮቱ ሦስት ወር በሥራ ገበታው ላይ የተገኘ ሰው አውቃለሁ።

እኔ የሹራብ ሰው ነበርኩ። በልብስ የማልታማ ነኝ ማለቴ ሳይሆን፣ የሚያማኝ ያጣሁ ሰው ነኝ። በጋ ከክረምት አንዲት አመድማ ሹራብ ነበረችኝ፤ ክርኗ ላይ ሳስታ ሳስታ ጠረጴዛውን ታሳይ ጀምራ ነበር። በዚህ መካከል አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ናሆም መጣ። ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ የሰለቸው ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ እንዲህ አለን፦

«ጋይስ፣ ሁሉም ነገር ኢሜጅ ነው። ወንድ ልጅ በሹራብ ቆሞ ሲጠይቅ ማንም ሲሪየስ አይወስደውም። ሱፍ ሲለብስ ግን ጥያቄው ራሱ ክብደት ይኖረዋል።»

የስፖርት ዘጋቢያችን ከድር እጁን አወጣ። «ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ኦልሬዲ አምሮባቸዋል።»

በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። ማንኛውም ወንድ ሠራተኛ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ሳይለብስ መግባት፣ ኮቱን ሳይደርብም ከሕንጻው መውጣት አይችልም ይላል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ደንብ ሲወጣ ዕንቁጣጣሽ የመጣ የሚመስላት ሴት፣ ከደብዳቤው አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰች። ማንም ወንድ ያለ ኮት ከሕንጻው አይወጣም። ስለዚህ ወንበር ላይ ኮት ካለ ሰውየው ሕንጻው ውስጥ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን መዝገቧን ይዛ ትዞርና ኮት ባየችበት ወንበር አንጻር ምልክት ታደርጋለች። እንግዲህ ድሮ በልማድ የምንሠራው ማጭበርበር በደብዳቤ ጸደቀልን ማለት ነው።

ይህ ደብዳቤ ካዘዘው አንዲት ክር እንኳ ያልጎደለችበት አንድ ሰው ጋሽ ምትኩ ነበር።

ጋሽ ምትኩ የጋዜጣችን አራሚ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ፤ ለጡረታው ስምንት ወር ቀርቶታል። ደብዳቤ ሳይጻፍበት፣ ማንም ሳያዘው፣ ዕድሜውን ሙሉ በሱፍ የኖረ ሰው ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ልጄ፣ ዜናህ ላይ ስህተት ቢገኝ እኔ አርምልሃለሁ። አንገትጌህ ላይ እድፍ ቢገኝ ግን ማንም አያርምልህም» ብሎኛል። ሌላም ምክር ነበረው። «ወንድ ልጅ ሦስት ነገር ለሰው አያሳይም፤ የኪሱን ቀዳዳ፣ የቤቱን ጓዳና እንባውን።» እኔ ሦስቱንም ለማንም ሳሳይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ምክሩ ወደ ጆሮዬ ገብቶ በዚያው ወጣ።

ታዲያ ይህ ሰው ሁለት ኮት ነበረው። ቡኒውን ለብሶ ይመጣል። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቡኒውን ወንበሩ ላይ ይሰቅልና ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ሥር፣ ግራጫውን አውጥቶ ይለብሳል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል። በሥራው ላይ አንድ ነጥብ ሳይጎድል አምሽቶም ቢሆን ይጨርሳል። ከወይዘሮ ለተብርሃንና ከናሆም በስተቀር ይህንን የማያውቅ አልነበረም።

የት ነው የሚሄደው? ለዚህ መልስ የሰጠን ከድር ነው።

«ውሽማ አለችው» አለኝ አንድ ቀን፣ ወንበሩን ወደ እኔ ጎትቶ። «ገርጂ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሱቅ ገብቶ የሴት የሌሊት ልብስ ሲገዛ።»

«ለሚስቱ ቢሆንስ?»

«ሚስቱማ ኮልፌ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አይደለችም እንዴ? ለሚስቱ የሚገዛ ሰው ገርጂ ምን አመጣው? ደግሞ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ለሚስቱ የሌሊት ልብስ የሚገዛ ሐበሻ ካለ አሳየኝ።»

ማስረጃው ጠንካራ መሰለኝ። ምንጩ አንድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የስፖርት ዘጋቢ መሆኑንም ልብ በሉልኝ። እኔ ግን አመንኩ። ከማመን አልፌ አደነቅሁ። ቢሮው ውስጥ ያለን ወንዶች ሁሉ አደነቅን። ጋሽ ምትኩ ግራጫውን ኮት ሲለብስ ከድር፣ «ጋሼ፣ ሁለት ኮት ያለው ሁለት ቤት አለው አሉ» ይለዋል። ጋሽ ምትኩ ከረባቱን ያስተካክልና፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ወንድ ነን» ብሎ ይወጣል። ከኋላው እንስቃለን። ጀርባውን ቸብ የሚያደርግም አለ። ሰው በውሽማ ሲከበር ያየሁት በዚያ ቢሮ ነው።

አንድ የማያስቅ ነገር ግን ነበር። ጋሽ ምትኩ ከዚያ በፊት ምሳ ላይ ዘግይቶ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። በእኛ ቤት ደንብ ሦስተኛው ማሰናበቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ ስምንት ወር ሲቀረው፣ ከሥራ ሊባረር የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ወንበር ብቻ ነበር። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ።

አሁን ወደዚያ ረቡዕ ልምጣ።

ያለኝ ሙሉ ልብስ የሠርጌ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሲወጣ ሱፉ እንደነበረ ነው፤ እኔ ነኝ የተስፋፋሁት። ጠዋት ባለቤቴ ከኋላ እየጎተተች፣ እኔ ከፊት እየጨመቅሁ አንዷን ቁልፍ ቆለፍናት።

«ጥያቄ ስትጠይቅ ቆልፈው፤ ሲመልሱልህ ፍታው» አለችኝ። «ቆልፈኸው ከተነፈስክ አይችልም።»

የምኖረው አያት ነው። ባቡሩ ላይ ተሳፍሬ፣ ቆሜ፣ እንደ ሰው ክንዴን አንስቼ የላይኛውን ብረት ያዝኩ። ጥፋቱ የባቡሩ አይደለም፤ ክንድ የማንሳት ሐሳቡ የእኔ ነበር። ከአንገትጌዬ ሥር የጀመረ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ወገቤ ወረደ።

ከኋላዬ የቆሙ እናት፣ «ልጄ፣ ጀርባህ ተከፈተ» አሉኝ።

«አውቃለሁ እናቴ። በርዶኛል።»

አጠገባቸው ያለ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ከመረመረ በኋላ፣ «ገበሩ ግን ደህና ነው» ብሎ አጽናናኝ።

እስከ ጉርድ ሾላ ጀርባዬን ለባቡሩ ግድግዳ ሰጥቼ ሄድኩ። ቢሮ ስደርስ ናሆም በር ላይ ቆሟል። በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መግለጫ ይሰጣል፤ እኔና እሱ አብረን እንሄዳለን። ዞር አድርጎ አየኝ። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለ። «በዚህ አትሄድም። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ኮት ፈልግ።»

ፈለግሁ። የከድርን ለበስኩ፤ እኔ ላይ ሲወጣ የሕፃን ሰደርያ መሰለ። የጥበቃው ሰውዬ አዝኖልኝ የራሱን ሰጠኝ፤ ትከሻው ላይ ምልክት ስላለው መግለጫው በር ላይ ሰው ሁሉ ፈትሸኝ ሊለኝ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ናሆም ታች መኪና ውስጥ ሆኖ ጥሩንባ ይነፋል። ዞር ስል ጋሽ ምትኩ ወጥቷል፤ ቡኒው ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ተተኩሷል።

«ውሰደው» አለኝ ከድር፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። «እሱ አሁን የሚሞቀው ሌላ ነገር አለው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስንት ኮት ለምን እንደሚሰቀል ያየሁ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ኮቱ ኮት ብቻ ሆኖ ታየኝ። ለበስኩት። ልክ ሆነልኝ። ወጣሁ።

መግለጫው እንደማንኛውም መግለጫ ነበር። ናሆም አጠገቤ ተቀምጦ የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቱ ዳሰሰና፣ «ናይስ! ቪንቴጅ ነው?» አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ አቀረቀርኩ። ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ግድም እስክሪብቶዬ አለቀብኝና ከኮቱ ኪስ ሌላ ባገኝ ብዬ እጄን ሰደድኩ።

መጀመሪያ የወጣው የመድኃኒት ቤት ከረጢት ነው፤ ውስጡ ክኒን አለ። ቀጥሎ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት እንጀራ የሰው ወረቀት በማንበብ የተገኘ ነው። የጋሽ ምትኩ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ያ የአራሚ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል ቀጥ ብሎ የቆመ።

«ስድስት ሰዓት፦ በቀኝ ጎኗ ማስተኛት። ጀርባዋን ማየት፤ የቀላ ቦታ ካለ ቅባት።

ስድስት ተኩል፦ ሾርባ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ሳያስቸኩሉ።

ሰባት፦ ክኒን።

ሰባት ተኩል፦ ግራ እጇን ማንቀሳቀስ፣ ሃያ ጊዜ። ከተቆጣች ማቆም።

ረቡዕ፦ ጸጉሯን ማበጠር። እንደምትወደው ወደ ኋላ።

ቢሮ የሚያስቅ ነገር ከነበረ መንገር።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሱሪዬ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ ድምፁን ያጠፋሁትን ስልኬን አየሁ። ጋሽ ምትኩ አምስት ጊዜ ደውሏል። ሃያ ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ የደወለልኝ ጠቅላላ አምስት ጊዜ አይሞላም። ከአዳራሹ ወጥቼ ደወልኩ።

«ልጄ» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ «ኮቴ ኪስ ውስጥ መድኃኒት ረስቻለሁ። ማንም ሳያይህ አውጥተህ ገርጂ ታመጣልኛለህ? ሰባት ሰዓት ላይ መውሰድ አለባት። እኔ ጥያት መውጣት አልችልም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ቢሮ እንዳልሆንኩ አልነገርኩትም። ለብሼው እንደቆምኩም አልነገርኩትም። ናሆምንም፣ መግለጫውንም፣ ጥያቄዬንም ጥዬ በመጀመሪያው ታክሲ ገርጂ ሄድኩ።

የነገረኝ ቤት የግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ ደረጃ የለውም፣ በሩ ክፍት ነው። ስገባ መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ አንዲት ሴት ተደግፋ ተቀምጣለች። ግማሽ ጸጉሯ ተበጥሯል፤ ግማሹ ገና ነው። ፊቷ በግራ በኩል አይንቀሳቀስም። በሩ ላይ ቡኒውን ኮት አየችና፣

«ምትኩ፣ ደግሞ መቼ ወጣህ?» አለች።

ጋሽ ምትኩ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ኮት የለም፣ ከረባት የለም። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቧል፣ አበባ ያለበት የሴት ሽርጥ ወገቡ ላይ አሥሯል፣ እጁ ላይ ማበጠሪያ አለ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም። መድኃኒቱንም አይደለም። ኮቱን ነው ያየው።

«ወንበሬ ላይስ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም።»

ማበጠሪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ክኒኑን ተቀበለኝ፣ ውኃ ቀዳ፣ ጭንቅላቷን ደግፎ አስዋጣት፣ አገጯን ጠረገላት። አንዱንም ሳይቸኩል።

«ሹራብ የሚለብሰው ነህ አይደል?» አለችኝ፣ በግማሽ አፏ። ቃሏ የሚንሸራተት ቢሆንም ይሰማል። «ከድርንም አውቀዋለሁ። ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ።» ከዚያ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «የገርጂዋ ውሽማ እኔ ነኝ» አለችና ሳቀች። የፊቷ ግማሽ ብቻ ነው የሳቀው፤ ግን ሙሉ ሳቅ ነበር።

ወደ በሩ ስንወጣ ጋሽ ምትኩ ጠቅለል አድርጎ ነገረኝ። ባለቤቱን እትዬ አስካለን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አራተኛ ፎቅ መውጣት ስላልተቻለ፣ ለቢሮም እንዲቀርበው፣ የኮልፌውን ቤት ትተው ይህቺን ክፍል ተከራዩ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንዲት የጎረቤት ሴት ትጠብቃታለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሴትየዋ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። ቢሆንም ባይሆንም አስካለ ከእሱ እጅ በስተቀር አትበላም።

«የከድርን ወሬ ስነግራት ትስቃለች» አለኝ። «ስትስቅ ሦስት አራት ማንኪያ ትጨምራለች።»

«ለምን ለቢሮው አልነገሩም፣ ጋሼ?»

ሽርጡን ፈታ። «ምን ልበል? አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አበጥራለሁ ልበል? ውሽማ አለው ይበሉኝ። ለወንድ የሚያምረው እሱ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ሰባት ከሃምሳ። ጠባቂዋ ሳትመለስ እኔ ንቅንቅ አልልም። ኮቱ ግን ሊደርስ ይችላል። ሩጥ!»

ሮጥኩ። በሕይወቴ ለብዙ ነገር ሮጫለሁ፤ ሰውን ትቼ ኮቱን ለማድረስ ስሮጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በመገናኛ ዞሬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ፣ አንድ ተሳፋሪ እጅጌውን ቢይዘው «ተው፣ ሰው ነው!» ብዬ ጮኼ፣ ጉርድ ሾላ ደረስኩ። አሳንሰሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን መዝገቧን ይዛ ጋሽ ምትኩ ወንበር አጠገብ ቆማለች። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነበር? ዝም ብዬ ማለፍ፣ መቀመጥ፣ ሽንት ቤት መግባት። ያደረግሁት ግን ይህ ነው፤ እፊቷ ኮቱን አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ትከሻውንም አስተካከልኩለት።

ኮቱን አየች። እኔን አየች። «ይሄ የማን ነው?»

«የጋሽ ምትኩ።»

«እሱስ?»

«ኮቱ አለ እኮ» አልኳት።

በመዝገቡ ላይ የጻፈችውን ከቆምኩበት አነበብኩ። «የለም» ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችንም ናሆም ቢሮ ገባን፤ እኔ መግለጫ ጥዬ በመውጣት፣ ጋሽ ምትኩ በመጥፋት፣ ወይዘሮ ለተብርሃን በማስረጃነት። ጋሽ ምትኩ ግራጫውን ለብሷል፤ ከረባቱ ቀጥ ብሏል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ሽርጥ ያሠረ ሰው ነው ብዬ ብምል ማን ያምነኛል?

ናሆም ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ አስጽፎ ጠረጴዛው ላይ አኑሯል። እሱም ደስ እንዳላለው ያስታውቃል። «ጋሽ ምትኩ፣ በእናትዎ አንድ ነገር ይበሉኝ። የት ነበሩ?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ገርጂ ስለሚባለው ነገር እኔም አልፎ አልፎ ሰምቻለሁ» አለ ናሆም፣ ፈገግ ማለት ቃጥቶት። «እውነት ነው እንዴ?»

ጋሽ ምትኩ ከረባቱን ነካ። «ምን ታደርገዋለህ» አለ። «ወንድ ነን።»

እነሆ ከሠላሳ ዓመት ሥራው ሊባረር ነው፤ የሚባረርበትንም ውሸት ራሱ መረጠ። እኔን አላየኝም። ግን እጁ፣ ያ ማበጠሪያ የያዘው እጅ፣ ጭኑ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደ ታች ጫን አለ። ዝም በል ማለቱ ነበር። ገብቶኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነት ከተገኘ ይወጣል እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ እውነት የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በዚያች ቀንም አልጠየቅሁም። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ናሆም ፊት አኖርኩት።

አነበበው። ለወይዘሮ ለተብርሃን አሳለፈላት። እሷም አነበበችና መዝገቧን ዘጋች። ጋሽ ምትኩ መስኮቱን ያያል። ናሆም ማስጠንቀቂያውን ሁለት ቦታ ቀደደው፤ «ሶሪ፣ ጋሼ» አለ። እዚህ ላይ የልጁን መልካምነት መካድ አልችልም።

ክፋቱ መልካምነቱን በጽሑፍ ማድረጉ ነው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። አቶ ምትኩ የታመሙ ባለቤታቸውን እኩለ ቀን ላይ የሚመግቡና የሚያስታምሙ በመሆናቸው፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶላቸዋል። ጋሽ ምትኩ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ አንድ የጎደለ አራት ነጥብ ጨመረበትና ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የለበሰው ቡኒውን ኮት ብቻ ነበር፤ ግራጫው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ሲወጣ ማንም አልቀለደም። ከድር አንገቱን ደፋ። ጀርባውን ቸብ ያደርጉት የነበሩት ሰዎች እሱ ራሱ የታመመ ይመስል ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «እግዚአብሔር ይማርልዎት» አሉት። ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ሊያጡ ነበር እኮ።»

ቆመ። «ውሽማ ነበረችኝ» አለኝ። «አንተ ገደልክብኝ።» አልተቆጣም። ስህተት ሲያርም በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። «ዛሬ ምን ይዤላት ልግባ?»

ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ጠረጴዛው አጠገብ ሄጄ፣ ባቡር ላይ ጀርባዬ እንዴት እንደተከፈተ ነገርኩት። እናትየዋን፣ ገበሩ ደህና ነው ያለኝን ሰውዬ፣ ሁሉንም። ጨምሬበታለሁም። አልሳቀም። ወረቀት አውጥቶ ግን በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፉ ጻፈው፣ አራት ላይ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ፣ «ሰባት ማንኪያ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነብኝ። ዜናዬን እጽፋለሁ፤ በተጨማሪ በየቀኑ አንድ ሞኝነት አመርታለሁ። ዕድሜ ለራሴ፣ ጥሬ ዕቃው አላጠረኝም። ሲያጥረኝ ከድር ያበድረኝ ጀመር። ናሆም እንኳ አንድ ቀን በጠባቡ ሱሪ ምክንያት ደረጃ ላይ የደረሰበትን አምጥቶ፣ «ይሄን ንገራቸው፣ ስሜን ግን አትጥራ» አለኝ። እትዬ አስካለ ስሙን ሳይጠሩላት አወቀችው አሉ።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች።

ቀብሯ ላይ የቢሮው ወንዶች ሁላችንም በሙሉ ልብስ ተገኘን። ለሐዘን ልብስ የተዋሰ አልነበረም፤ ያ ደብዳቤ በሕይወቱ አንድ ቀን ጠቀመ። የእኔ ጀርባው ተሰፍቷል። ጋሽ ምትኩ በሰው መካከል ቆሞ አለቀሰ፤ በጉልህ፣ ፊቱን ሳይሸፍን። የሚያስተምረው ሦስተኛው ደንብ እዚያ ቀረ።

በሳምንቱ ሥራ ገባ። ለጡረታው ሦስት ወር ግድም ቀርቶታል። ቡኒውን ለብሷል፤ ጢሙ አድጓል። ጠዋቱን ሙሉ ሲያርም ዋለ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ብድግ አለ። ኮቱን አውልቆ እንደ ድሮው ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ ትከሻውን አስተካከለ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ግራጫውን አወጣ፣ አንድ እጁን እጅጌው ውስጥ አስገባ። በዚያው ቆመ። ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ያያል፤ የሚጽፍ ግን የለም።

ግራጫውን አውልቆ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ መለሰው። በሸሚዙ ብቻ፣ ከተሰቀለው ኮት ፊት፣ ተቀመጠ። ወይዘሮ ለተብርሃን መዝገብ ሳትይዝ በዚያ በኩል አለፈች። ኮቱም አለ፣ ሰውየውም አለ።

ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬስ ምን አለህ?»

የያዝኩት ነገር አልነበረም። አንድ ፈጠርኩና ነገርኩት። የማያስቅ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ ወረቀት አወጣ፣ ቀጥ አድርጎ ጻፈው፣ አራት ላይ አጠፈው፤ ከዚያ ዞር ብሎ ወንበሩ ላይ በተሰቀለው ኮት ኪስ ውስጥ ከተተው።